ጂንካ ላይ ያልታየ ወይጦ ላይ ይታያል

ጂንካ ማለዳ ላይ ቀዝቀዝ ትላለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በአሪ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች በመሆኗ ጉሙ ከኮረብታው ሳይገፈፍ መንገደኛው ይነሣል። ጎብኚዎች ይህችን ከተማ የሚያውቋት ሙርሲንና ሐመርን ለማየት ሲያልፉ ነው። ሙዚየሟን አይተው፣ የቅዳሜ ገበያዋን ዞረው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው ይሄዳሉ። ከተማዋን በየዕለቱ የሚያኖራት ግን ሌላ እንግዳ ነው። እርሱም ጎማው ሥር ታኮ ተደርጎለት በመንገድ ዳር ያደረው ከባድ መኪናና ከኋላው ያለው ተሳቢ ነው።

ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ማዳበሪያው፣ የተማሪው ደብተርና የጤና ጣቢያው መድኃኒት ወደ ደቡብ ኦሞ የሚገባው በዚህ መኪና ነው። የአሪ ቡናና ኮረሪማ፣ በቆሎውና የቆላው ሰሊጥ የሚወጣውም በዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አሪና ደቡብ ኦሞ በሁለት ዞን ቢከፈሉም መንገዱ ግን ያው አንድ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል የሚመጣ ሰው ደጋውን፣ ስምጥ ሸለቆውን፣ ተራራውንና በረሓውን በአንድ ጉዞ ያያል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ መንገድ በየደረጃው የሚጠይቀው ጥያቄ አለው። ቀይ አፈር ላይ ዐይንን ይጠይቃል። ወደ ወይጦ ሲወርዱ ፍሬንን፣ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጎማን፣ ማጎ ውስጥ ደግሞ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ጥያቄው ከመጣ በኋላ መልስ ፍለጋ ቢሮጡ አይገኝም። መልሱ የሚዘጋጀው ጂንካ ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ጎንበስ ማለት

ጥሩ ሹፌር ወደ ጋቢናው ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል። ሌሊቱን የተንጠባጠበ ነገር ካለ አፈሩ ይመሰክራል። ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ከራዲያተሩ ሥር ያለ እርጥበት የውኃ መፍሰስን ያመለክታል። በጎማው የውስጥ ጎን የወረደ ቅባት ካለ ግን ነገሩ የባሰ ነው። ከጎማው እምብርት የወጣ ቅባት ፍሬኑን ያሟልጨዋልና።

ቀጥሎ የሚታየው ነፍስ ያለው ነገር ነው። በቆላው ምድር ጥላ ውድ ነው። የቆመ ተሳቢ ለልጆች መጫወቻ፣ ለፍየሎች መመሰጊያ፣ ሌሊቱን በእግሩ ሲጓዝ አድሮ ለደከመ ገበያተኛ ማረፊያ ይሆናል። በገበያ ቀን በዲመካ ወይም በቱርሚ የቆመ ከባድ መኪና ሥር የተኛ ሰው ማግኘት የሚያስገርም አይደለም። ከመኪና ጋር ያላደገ ሰው የሞተር መነሣት «ተነሥ» ማለት መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ረዳቱ በአንድ ጎን ሄዶ በሌላው ጎን ይመለሳል። በመኪናውና በተሳቢው መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ያያል፣ ይጣራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ታኮውን የሚያነሣው። ይህ ፍተሻ መሣሪያም ገንዘብም አያስፈልገውም። የሚፈልገው ጉልበትን ማጠፍ ብቻ ነው።

ሃያ ሁለት ጎማ፣ ሃያ ሁለት ጥያቄ

በአገራችን መንገዶች ላይ የተለመደው ባለ ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። ይህም 40,000 ኪሎ ነው። ባለ ሦስት አክስል መኪና ባለ ሦስት አክስል ተሳቢ ሲጎትት መኪናው 10፣ ተሳቢው 12፣ በጠቅላላው 22 ጎማ መሬት ይረግጣል። ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የታሰሩ ናቸው። አደገኛው ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ከጥንዱ አንዱ አየሩን ቢያጎድል ጓደኛው ሸክሙን ተቀብሎ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ደኅና ይመስላሉ።

ለዚህ ነው ረዳቱ ብረት ይዞ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታ ሲዞር የምታዩት። የተነፋ ጎማ ብረቱን አንጥሮ ይመልሳል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። አየር ያጎደለ ጎማ ግን «ዱብ» ብሎ ይቀራል። ብረቱ የአየር መለኪያን ባይተካም ዝም ያለውን ጎማ ለይቶ ያሳያል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይም በዚሁ ጊዜ ይወጣል። ያ ድንጋይ ካልወጣ ወይ ጎማውን ይቆርጣል፣ ወይም በፍጥነት ላይ ተፈናጥሮ ከኋላ ያለውን ሰው ይመታል።

ዳዶዎቹም ይናገራሉ። ከዳዶው ሥር ተነሥቶ በቸርኬው ላይ የተዘረጋ የዝገት መስመር ካያችሁ፣ ያ ዳዶ ላልቶ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል ማለት ነው። በቅርቡ ጎማው የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከጂንካ ለሚነሣ ሰው ይህ ማለት ከኮንሶ በፊት አንድ ጊዜ መቆም ነው። ስኮርታው ጎማ የተነፋ መሆኑ፣ ክሪኩም መሥራቱ የሚታየው ዛሬ ነው። ጎማ ፈንድቶ ፀሐይ አናት ላይ ከቆመች በኋላ አይደለም።

ጎማን በረሓ ላይ የሚያፈነዳው የአየሩ ሙቀት ብቻ አይመስላችሁ። አየር ያጎደለ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ይህ መታጠፍ ከውስጥ ሙቀት ይፈጥራል፤ የወይጦ አስፋልት ከውጭ ይጨምርበታል። እንግዲህ ጎማው የፈነዳው ወይጦ ላይ ቢሆንም በሽታው የጀመረው ጂንካ ላይ ነው። በነገራችን ላይ መንገድ ላይ የጋለ ጎማ ነፍቶ ቢገኝ አየሩን መቀነስ ትክክል አይደለም። ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናልና።

ተሳቢና አየር

ተሳቢ የራሱ ሞተርም የራሱ ሹፌርም የለውም። ከፊት ካለው መኪና ጋር የሚያገናኙት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የመጎተቻው ብረትና ቀለበቱ፣ ቀለበቱን የያዘው ፒን፣ የደኅንነት ሰንሰለቱ፣ የመብራቱ ገመድና ሁለቱ የአየር ቱቦዎች። እነዚህን በዐይን ማየት ብቻውን አይበቃም። ፒኑ መቆለፉን በእጅ ይነካሉ። ከዚያም ተሳቢው በፍሬን ተይዞ ሳለ መኪናውን ቀስ ብለው ወደ ፊት ይስባሉ። ካልተላቀቀ ያዘ ማለት ነው።

ከቱቦዎቹ አንዱ ለተሳቢው የማያቋርጥ አየር ያቀብላል። ሁለተኛው አየር የሚልከው ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ነው። አብዛኛው ሰው አየር ሲያልቅ ፍሬን የሚጠፋ ይመስለዋል። በጤናማ መኪና ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የዋናው ቱቦ አየር ቢቋረጥ የተሳቢው ፍሬን በራሱ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል። የዚህ ሐሳብ ሥር ሩቅ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ለባቡር የአየር ፍሬን ሠራ። በ1872 ደግሞ አሻሽሎት፣ የባቡሩ ፉርጎዎች ቢላቀቁ እንኳ ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ አደረገው። ዛሬ ጂንካ ላይ በቆመው ተሳቢ ውስጥ ያለውም መሠረታዊ ሐሳብ ይኸው ነው።

ይሁንና ይህ ጥበብ የሚሠራው ሰው ካላበላሸው ነው። የሚተነፍስ ቱቦን በላስቲክ አስሮ መሄድ፣ የተሳቢው ፍሬን «አስቸገረ» ተብሎ ሲዘጋም ዝም ማለት የታወቁ ልማዶች ናቸው። ፍሬኑ የተዘጋ ተሳቢ 20,000 ኪሎ ይዞ ከኋላ የሚገፋ ተራራ ማለት ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ተነሥቶ አየሩ እስኪሞላ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ይይዛል፣ ዐይኑንም ከአየር መለኪያው ላይ አያነሣም። ረዳቱ ደግሞ በመኪናውና በተሳቢው ዙሪያ እየሄደ ያዳምጣል። የጂንካ ማለዳ ለዚህ ይመቻል፤ ከተማው ገና ስላልተነሣ «ፍስስ» የሚል ትንሽ ድምፅ እንኳ ይሰማል። ረዳቱ «ጋሼ፣ ከኋላ በግራ በኩል አየር አለ» ካለ ጉዞው እዚያ ላይ ይቆማል። የአየር ታንኮቹም ሥራቸው ተከፍቶ የተጠራቀመው ውኃ ይፈሳል። ታንኩ ውስጥ የውኃው መጠን በጨመረ ቁጥር ለአየር የሚቀረው ቦታ ያንሳል።

ቀይ አፈር፦ የሐሙስ መንገድ

ከጂንካ ወደ ኮንሶ የሚሄድ መኪና መጀመሪያ የሚያገኛት ትልቅ መንደር ቀይ አፈር ናት። ወደ ዲመካ፣ ቱርሚና ኦሞራቴ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለውም ከዚያ ነው። ገበያዋ ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን የበና፣ የፀማይ፣ የአሪና የሐመር ሰዎች ማር፣ ቅቤ፣ ቅልና ፍየል ይዘው ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት በእግራቸው፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው።

መንገዱ ለእነርሱ የመኪና ብቻ አይደለም። ከብት የሚነዳበት፣ ወዳጅ የሚገናኝበት፣ ልጅ የሚጫወትበት ነው። የበና ልጆች በረጃጅም እንጨቶች ላይ ቆመው መንገድ ዳር ይራመዳሉ። ሌሎች ልጆችም መኪና ሲያዩ ወደ አስፋልቱ ገብተው ይጨፍራሉ። ይህን ያመጣው ከመስኮት ሳንቲም የሚወረውር ጎብኚ ነው። ልጁ ግን ጎብኚ የጫነውን ላንድ ክሩዘርና ባዶ መንገድ የማይበቃውን ተሳቢ አይለይም። ለሁለቱም እኩል ይጨፍራል።

ስለዚህ ፍተሻው ወደ መስተዋቶቹ፣ ወደ ክላክሱ፣ ወደ ፍሬቻውና ወደ ኋላ መብራቱ ይሄዳል። የተሳቢው የኋላ መብራትና አንጸባራቂ በጭቃ ተሸፍኖ ከሆነ ይጠረጋል። ሸራው የላላ ከሆነ ይታሰራል። በነፋስ የሚውለበለብ ሸራ የከብት መንጋን ያስደነግጣልና። ልምድ ያለው ሹፌር የገበያ ቀኖችንም ከፍተሻው ጋር ይቆጥራል፤ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ጂንካና ዲመካ ቅዳሜ፣ ቱርሚ ሰኞ። በገበያ ቀን የግድ ማለፍ ካለበት ሰዓቱን ይመርጣል፣ ሲያልፍም ፍጥነቱን በሰው እርምጃ ይለካል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። በሌላ አነጋገር ብረት የሌለው ሰው ብረት ላለው ሰው ስሕተት ይከፍላል። በቀይ አፈር መንገድ ላይ ይህን ለመረዳት ሪፖርት ማንበብ አያሻም።

ወይጦ፦ ቁልቁለቱ

ከቀይ አፈር በኋላ መንገዱ ወደ ወይጦ ሸለቆ ይወርዳል። አየሩ ይሞቃል፣ ግራሩ ይበዛል፣ ጆሮ ይደፈናል። መልክዓ ምድሩ ያማረ ነው። ለተጫነ መኪና ግን ይህ የፍርድ ቦታ ነው።

ፍሬን ማለት ሩጫን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናውን ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ሲሄድ የሚቆም መኪና በ30 ሲሄድ ከሚቆመው ይልቅ ፍሬኑን አራት ጊዜ ያህል ያሞቀዋል። የፍሬኑ ከበሮ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል። ሹፌሩ ይረግጣል፣ እግሩ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይሰማም። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አደጋ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለውም። በአግባቡ ያልተስተካከለ ፍሬን በከባድ ማርሽ ፋንታ በእግር ብቻ ቁልቁለት ሲወርድበት የሚሆነው ይኸው ነው። የቆየው የሹፌሮች ሕግ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላል። ማርሹም የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ሜዳው ላይ ቆሞ ጎማዎቹን መዞር የብልህ ሹፌር ልማድ ነው። የእጁን ጀርባ ሳያስነካ ወደ እያንዳንዱ የጎማ እምብርት ያስጠጋል። ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ካለ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወይም ኩሽኔታው እየሞተ ነው። ይህን ብዙዎች ያውቃሉ። ጥቂቶች ብቻ የሚያስተውሉት ግን ቀዝቃዛውን ነው። ሁሉም በጋሉበት ቁልቁለት አንዱ ቀዝቅዞ ከተገኘ ያ ጎማ አልሠራም፤ ሸክሙን ለወንድሞቹ ጥሎ ወርዷል። ከፊት ደግሞ የኮንሶ አቀበት፣ ቀጥሎም ወደ አርባ ምንጭ የሚያወርደው ሌላ ቁልቁለት አለ።

ውኃንም መርሳት አይገባም። በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። የቆላው ደረቅ ወንዝ በላዩ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋ ላይ በዘነበ ዝናብ በድንገት ይሞላል። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰዎችን የወሰደው ጎርፍ መነሻው ከላይ የዘነበው ከባድ ዝናብ ነበር። ስለዚህ ሹፌሩ መኪናውን ብቻ ሳይሆን ሰማዩንም፣ ከፊት የመጣውንም መንገደኛ ይጠይቃል።

ወደ ማጎና ወደ ሃና

ከጂንካ በሌላው አቅጣጫ፣ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ ሳላማጎና ወደ ሃና የሚወስደው መንገድ ሌላ ዓለም ነው። የኦሞ ኩራዝ የስኳር ልማት በ2003 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ ቀድሞ መኪና እምብዛም ያልታየበት ምድር የከባድ መኪና መተላለፊያ ሆነ። አቧራው አየር ማጣሪያውን ይደፍናል። ኮረኮንቹ ባሌስትራን ይሰብራል፣ ዳዶን ያላላል። ስለዚህ በዚህ መስመር ማጣሪያው በየጊዜው ይራገፋል፣ የባሌስትራው ቅጠሎች አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ጭነቱም ከመንገድ መሐል ቆሞ እንደገና ይታሰራል።

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ግን ሰው ነው። በዚህ መንገድ ዙሪያ በመኪና ተገጭተው የሞቱ አርብቶ አደሮች እንዳሉ፣ ይህም ቁጣና በቀል እንዳስከተለ፣ ሹፌሮችም የዚህ ሰለባ እንደሆኑ ተዘግቧል። በቦዲም ሆነ በሙርሲ ዘንድ ከብት ንብረት ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ስምና የጋብቻ ጥሎሽ ነው። አንድ ያልተፈተሸ ፍሬን የሚገድለው አንድ በሬን ሊሆን ይችላል። ጠቡ ግን ከሹፌሩ ወደ ጎሳው፣ ከጎሳው ወደሚቀጥለው መኪና ሹፌር ይሻገራል። በማግስቱ የሚያልፈው ምንም የማያውቅ ረዳት የትናንቱን ዕዳ ይከፍላል።

ሹፌሩስ ተፈትሿል?

በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ አዘዘ። መስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ቦሎ የዚያ ምልክት ነው። ቦሎ መኪናው በምርመራው ቀን ደኅና እንደነበር ይመሰክራል። ስለ ዛሬ ማለዳ ግን ምንም አይናገርም። የሦስተኛ ወገን መድንም ካሣ ይከፍላል እንጂ የሞተ አያስነሣም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ይሆናል።

ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ምርመራ የሚያመልጠው ደግሞ መሪውን የያዘው ሰው ነው። ተኝቷል? በልቷል? ወይስ ሌሊቱን በጫት ገፍቶት ነው? ባለ ንብረቱ «ነገ ማለዳ አርባ ምንጭ ካልደረስክ» ብሎት ከሆነ፣ ጎንበስ ብሎ መሬቱን የሚያይበት ጊዜ ከየት ያመጣል? የሹፌር ሚስት ስንቅ ስትቋጥር ከምታስበው ነገር ዋናው ይህ ነው። ጭነቱ የሌላ ነው፤ የሚመለሰው ወይም የማይመለሰው ግን የእርሷ ባል ነው።

በብዙ ጋቢናዎች መስተዋት ላይ የእምነት ቃል ተለጥፎ ይታያል። ከጉዞ በፊት መጸለይም መልካም ነው። ጸሎት ግን የላላ ዳዶ የማጥበቅን ሥራ ለእግዚአብሔር መመለስ አይደለም። በዘዳግም መጽሐፍ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ጣሪያውን በመከታ እንዲከብ የታዘዘው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። ባለ ቤቱ ማን ሊወድቅ እንደሚችል አያውቅም፤ ቢሆንም መከታውን ይሠራል። የጂንካው ሹፌርም ወይጦ ላይ ከብት የሚያሻግረውን ልጅ ስም አያውቅም፤ ቢሆንም ፍሬኑን ይፈትሻል።

አብዛኞቻችን ከባድ መኪና አንነዳም። እህል እናስጭናለን፣ የቤት ዕቃ እናስልካለን፣ ለጉባኤ የሚሆን ድንኳንና ድስት እናስጭናለን። አንዳንዴም «እባክህ እዚህ ጭነት ላይ አንድ ሰው አሳፍርልኝ» እንላለን። ጭነት ላይ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ነገር የለውም። ይህን ልመና ከአፋችን እናውጣ። በምትኩ «ወንድሜ፣ ፍሬኑ ታየ? ተሳቢው በደንብ ታስሯል? አንተስ ተኝተሃል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «ገና ነው» ከሆነ «እንጠብቅሃለን» እንበለው። የግማሽ ሰዓት መዘግየታችን ሹፌሩ መሬቱን፣ ጎማውንና አየሩን አይቶ እንዲነሣ ፈቃድ መስጠት ነው። ብዙ ጊዜ እርሱ የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው ነው።